ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሓባዎቻቸውና የእነርሱን ፈለግ በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕስ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነው። ስለ ዝግጅት አጀማመር ብዙ ይባላል። ኮሚቴ ስለ ማቋቋም፣ ገንዘብ ስለ ማሰባሰብ፣ ጥሪ ስለ ማስተላለፍ ሁሉም የሚለው አለው። ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ስላለው ሥራ የሚናገር ግን ጥቂት ነው፤ የሚሠራው ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

በየሠፈራችን የሚሆነውን እናውቃለን። ረመዳን ሲገባ ለችግረኞች ኢፍጣር ይሰናዳል። መድረሳው ቁርኣን የሐፈዙ ልጆችን ያስመርቃል። ለመስጂድ ማስፋፊያ የገቢ ማሰባሰቢያ ይጠራል። በዒድ አል-አድሐ ኡድሒያ በጋራ ይታረዳል። ወጣቱ ሸራ ይወጥራል፤ እናቶች ሽንኩርት ሲልጡና እንጀራ ሲጋግሩ ያድራሉ፤ ሞንታርቦ ይተከላል፤ ወንበርና ድስት ከእድር ይመጣል። ቀኑ ያምራል። ዱዓ ተደርጎ ሰው ይበተናል።

ከዚያስ? ከዚያማ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ልጆች ብቻ ይቀራሉ። የተረፈው ምግብ በየድስቱ ያድራል። የእድሩ ወንበር ሲቆጠር ይጎድላል። የተሰበሰበው ገንዘብ በአንድ ሰው ኪስ ወይም በአንድ ሰው ከረጢት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ያ ሰው ታማኝ ቢሆንም እንኳ ለሐሜት ይጋለጣል። በሳምንቱ አንዱ «የገባው ስንት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ይቀየማል። በዓመቱ ኮሚቴው ሲጠራ ባለፈው ዓመት የደከሙት ግማሾቹ አይመጡም። የሚመጡት አዳዲሶች ደግሞ ስንት ኪሎ ሩዝ እንደሚበቃ፣ የትኛው መግቢያ እንደሚጨናነቅ የሚነግራቸው የለም። ባዶ እጃቸውን ይጀምራሉ፤ ያው ስህተት ይደገማል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ጥያቄያችን ይህ ነው። አንድን ዝግጅት ለአላህ ብለን ከጀመርነው ለአላህ ብለን እንዴት እንዝጋው?

የማጠቃለያ አደብ

ዲናችን ለመጨረሻ የራሱ አደብ አለው። ሰጋጅ ካሰላመተ በኋላ ወዲያው ተነስቶ አይሮጥም፤ በቅድሚያ ሦስት ጊዜ ኢስቲግፋር ያደርጋል። ልብ በሉ፣ ኢስቲግፋሩ የመጣው ከወንጀል በኋላ አይደለም፤ ከሰላት በኋላ ነው። ሐጃጅ ከዐረፋ ሲመለስ የአላህን ምሕረት እንዲለምን፣ ሥርዓቱንም ሲጨርስ አላህን አብዝቶ እንዲያስታውስ በሱረቱ አል-በቀራህ ታዝዟል። በሱረቱ አን-ነስር ደግሞ የአላህ እርዳታና ድል በመጣ ጊዜ፣ ሰዎችም በገፍ ወደ ዲኑ ሲገቡ በታዩ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታዘዙት ጌታቸውን እንዲያጠሩና ምሕረትን እንዲለምኑ ነበር። አንድ መቀመጫ እንኳ ሲበተን የሚባል ዱዓ አስተምረውናል፤ በመቀመጫው ለተሳተው ማካካሻ ይሆናል።

ይህ ሁሉ አንድ ነገር ያስገነዝበናል። የቱንም ያህል ያማረ ሥራ ጉድለት አያጣውም፤ ሠሪውም ሥራውን ሲጨርስ ጉድለቱን ዞር ብሎ ማየት አለበት። ዞር ብሎ ማየቱ የሥራው የመጨረሻ ክፍል ነው እንጂ ጊዜ ሲተርፍ የሚሠራ ትርፍ ነገር አይደለም።

ኡሑድ፦ ከሽንፈት በኋላ የተደረገ ምርመራ

ግምገማ የሚባለውን ነገር ዘመን አመጣሽ የመሥሪያ ቤት ልማድ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። ቁርኣንን የሚያነብ ግን ይህን አይልም። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ከ121ኛው አንቀጽ ጀምሮ በርካታ አንቀጾች የወረዱት ስለ ኡሑድ ዘመቻ ነው። ምን ታቀደ? የት ላይ ተበላሸ? ለምን? ከዚህ በኋላስ ምን ይደረግ? ሁሉም በዚያ ተዘርዝሯል።

ታሪኩ የታወቀ ነው። በሦስተኛው ዓመተ ሒጅራ የመካ ቁረይሾች በመዲና ላይ ዘመቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓባዎቻቸውን አማከሩ። የእርሳቸው ሐሳብ በከተማዋ ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር፤ ብዙዎች፣ በተለይም በበድር ያልተገኙት ወጣቶች፣ ወጥተን እንግጠም አሉ። እርሳቸውም በምክክሩ መሠረት ወጡ። በኮረብታው ላይ በዐብደላህ ኢብኑ ጁበይር መሪነት 50 ቀስተኞችን አቆሙ፤ ብናሸንፍም ብንሸነፍም ቦታችሁን እንዳትለቁ ብለው አዘዟቸው። ቁረይሾች መሸሽ ሲጀምሩ ግን አብዛኞቹ ቀስተኞች ወደ ምርኮው ወረዱ። በዚያን ጊዜ ገና ያልሰለመው ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ በፈረሰኞቹ ከኋላ ዞሮ መጣ። ሐምዛን (ረ.ዐ) ጨምሮ 70 ያህል ሰሓባዎች ሸሂድ ሆኑ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቆሰሉ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የወረደውን መመሪያ በጥሞና እንመልከት።

በመጀመሪያ ስህተቱ አልተሸፈነም። ሙእሚኖቹ ይህ ከየት መጣብን ብለው ሲጠይቁ ከራሳችሁ ነው ተባሉ። መጨቃጨቃቸውና ትእዛዝ መጣሳቸው በግልጽ ተነገረ። ሐዘን ላይ ናቸውና ይታለፉ አልተባለም።

ሁለተኛ፣ ጥፋቱ ተነገረ እንጂ የጥፋተኞቹ ስም አልተነገረም። ቁርኣን እስከ ዕለተ ትንሣኤ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። ከኮረብታው የወረዱት ሰዎች ስም ግን በውስጡ አይገኝም። እኛ ትምህርቱን ወሰድን፤ ክብራቸው ደግሞ ተጠበቀ።

ሦስተኛ፣ አላህ ይቅር እንዳላቸው እዚያው ላይ ተነገረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በ159ኛው አንቀጽ ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸውና በጉዳዮች እንዲያማክሯቸው ታዘዙ። ልበ ደረቅ ቢሆኑ ኖሮ ሰዎቹ ከዙሪያቸው ይበተኑ እንደነበርም ተጠቆመ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከከተማ ወጥቶ የመግጠሙ ሐሳብ ከምክክር የመጣ ነበር፤ ውጤቱም መራራ ሆነ። በሰው ሚዛን ቢሆን ከዚያ በኋላ ምክክር ይቀር ነበር። በእኛ ኮሚቴዎች የምናየውም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የወጣቶቹ ሐሳብ ተሞክሮ ካልሰመረ በቀጣዩ ዓመት «እናንተን ሰምተን ምን አተረፍን?» ይባላሉ። አላህ ግን ከኡሑድ በኋላ ምክክሩ እንዲቀጥል አዘዘ። በአምስተኛው ዓመት መዲና በኅብረት ጦር ስትከበብ ሙስሊሞች ዳግም ተመካከሩ፤ ከሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) የመጣውን ቦይ የመቆፈር ሐሳብ ተቀበሉ፤ ከተማቸውንም ከውስጥ ሆነው ተከላከሉ። የኡሑድ ትምህርት በተግባር ሲውል የታየው ያን ጊዜ ነው።

ስንሳካም እንመርምር

ምርመራ ለተሸነፈ ብቻ አይደለም። ከኡሑድ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በበድር ሙስሊሞች ድል አድርገው ነበር። ይሁንና ስለ በድር የወረደው ሱረቱ አል-አንፋል የሚጀምረው በድሉ ብሥራት ሳይሆን ምርኮን አስመልክቶ በተነሳው ጥያቄ ነው፤ አላህን ፍሩ፣ በመካከላችሁ ያለውንም አስተካክሉ ይላቸዋል። በስምንተኛው ዓመት በሑነይን ደግሞ ሙስሊሞች 12,000 ያህል ነበሩ። ብዛታቸው አስደነቃቸው፤ ብዛታቸው ግን ምንም እንዳልጠቀማቸው በሱረቱ አት-ተውባህ ተነገራቸው።

ይህ ለእኛ ዝግጅቶች ትልቅ ሚዛን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዝግጅት «ደመቀ» የምንለው ሰው ስለ ሞላ ነው። ብዛት ግን ብቻውን ምን ይነግረናል? ለችግረኞች ብለን ባዘጋጀነው ኢፍጣር ወንበሩን የያዙት በቤታቸው የሚያፈጥሩት ከሆኑ፣ ችግረኛው ደግሞ ከበር የተመለሰ ከሆነ፣ ድንኳኑ ሞልቷል፤ ዓላማው ግን ባዶ ነው።

በሚና ከደረሰው የምንማረው

ምርመራ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን፣ ጉድለቱም ምን እንደሚያስከፍል የዓለም ሙስሊሞች ሁሉ የሚያውቁት ምሳሌ አለ። እርሱም የሐጅ ሥነ ሥርዓት የሚፈጸምበት ሚና ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1997 በሚና ድንኳኖች ላይ በተነሳ እሳት 343 ሐጃጆች አለቁ። ከዚያ በኋላ ድንኳኖቹ እሳት በማይበላው ጨርቅ ተተኩ፤ በድንኳን ውስጥ በጋዝ ማብሰልም ተከለከለ። በ2004 በጀመራት፣ ማለትም ጠጠር በሚወረወርበት ቦታ፣ በተፈጠረ መረጋገጥ 251 ሰዎች ሞቱ። ቀጥሎ የዓምዶቹ ቅርጽ ተቀይሮ ሰው ከብዙ አቅጣጫ ሊወረውርባቸው በሚችሉ ረጃጅም ግንቦች ተተኩ። በጃንዋሪ 2006 ደግሞ ከ340 በላይ ሐጃጆች በጀመራት ድልድይ መግቢያ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። ከዚያ ሐጅ በኋላ አሮጌው ድልድይ ፈረሰ፤ በምትኩ በርካታ መግቢያና መውጫ ያለው ባለ ብዙ ፎቅ ድልድይ ተሠራ።

ከአዲሱ ድልድይ በኋላ በጀመራት ላይ እንደ ቀድሞው ያለ እልቂት አልታየም። ነገር ግን በሴፕቴምበር 2015 አደጋው ከድልድዩ ወደ መንገዱ ተሻገረ። ወደ ጀመራት በሚወስዱ ሁለት መንገዶች መገናኛ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ በይፋ በተነገረው ቁጥር 769 ሐጃጆች ሞቱ፤ በየሀገሩ የተነገረው ሲደመር ደግሞ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ የላቀ ሆነ። በ2024 ሐጅም በብርቱ ሙቀት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል፤ አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የተጓዙ፣ በመሆኑም ጥላና ማረፊያ ያልነበራቸው መሆናቸውም ተነግሯል። አላህ ሁሉንም ይዘንላቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛው፣ አንድን ቀዳዳ መድፈን ሌላውን አይደፍንም፤ ስለዚህ ምርመራ በየዓመቱ የሚታደስ ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ምርመራችን በመዝገባችን ላይ ያሉትን ሰዎች ብቻ የሚያይ ከሆነ ከመዝገቡ ውጭ ያለው ይረሳል። በሠፈራችንም እንዲሁ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠውን እንግዳ እንዴት እንደተስተናገደ እንጠይቃለን፤ ውጭ ቆሞ የተመለሰውን ማን ይጠይቀው?

ወደ ተግባር ስንመጣ

እስካሁን ያልነውን ወደ ሠፈራችን እናምጣው። ሥራውን በሦስት ጊዜ ከፍለን ብናየው ይቀለናል፤ በዚያው ምሽት፣ በሳምንቱ ውስጥ፣ እና ለቀጣዩ ዓመት።

በዚያው ምሽት የሚሠራው ለነገ የማይባለው ነው። የተረፈ ምግብ በእርጋታ ይታይ። ለሰው የሚሆነው በንጹሕ ዕቃ ተከፍሎ ለጎረቤት፣ ለጥበቃ፣ ለታማሚ ቤት፣ ለደረሳዎች ይድረስ። ምግብ መጣል ማባከን ነው፤ አባካኞች በቁርኣን የሸይጣን ወንድሞች ተብለዋል። አካባቢው ይጸዳ። መንገድ ዘግተን ካስፈጠርን መንገዱን ከቀድሞው ይልቅ ንጹሕ አድርገን እንክፈተው፤ በማግስቱ በዚያ የሚያልፈው ጎረቤት፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ስለ ኢፍጣራችን የሚመሰክረው ባየው ነው።

ከዚያ የተዋስነው ዕቃ ይቆጠር። ድስቱ፣ ሰታቴው፣ ምንጣፉ፣ ፔርሙሱ ባለቤት አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወታቸውን ሊያጠፉ ካሴሩባቸው ሰዎች መካከል ወጥተው ወደ መዲና ሲሰደዱ ዐሊን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ ያስቀሩት እርሳቸው ዘንድ የተቀመጠውን የመካ ሰዎች አማና እንዲመልስ ጭምር እንደነበር በሲራ መጻሕፍት ተጽፏል። ስደት ላይ ያለ ሰው አማና ካልረሳ፣ እኛ ከእድር የመጣ አሥር ወንበር እንዴት እንረሳለን? የተሰበረ ካለ ሳንጠየቅ እንናገር፤ እንተካ።

ገንዘቡም በዚያው ምሽት ይቆጠር። ቢያንስ ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ቆጥረው በወረቀት ላይ ያስፍሩት፤ ሦስቱም ይፈርሙበት፤ በማግስቱ ወደ ባንክ ይግባ። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም። አላህ በቁርኣን ረጅሙ በሆነው አንቀጽ ዕዳን ጻፉ፣ ምስክርም አቁሙ ብሎ ሲያዝ ያናገረው ያመኑትን ነው። ጽሑፍና ምስክር ታማኙን ሰው ከሐሜት ይጠብቁታል፤ ደካማውንም ከፈተና።

ገንዘብን በተመለከተ ደግሞ ልንጠነቀቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በገቢ ማሰባሰቢያ ላይ በመድረክ ቃል የተገባውና በእጅ የገባው ይለያያሉ። ቃል የተገባውን እንደ ገባ አድርጎ ማወጅ ሕዝቡን ያሳስታል፤ ሥራውም በመሐል ይቆማል። ሁለቱ በየዓምዳቸው ይጻፉ፤ ቃል የገባውም በአክብሮት ይታወስ እንጂ በአደባባይ አይጠራ። ዘካ ከሰደቃ ጋር አይቀላቀል፤ ዘካ የሚሰጣቸው ሰዎች በቁርኣን ተለይተዋልና። ለኢፍጣር ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ከተረፈ ለመስጂድ ቀለም ከማዋላችን በፊት ሰጪዎቹን እናስፈቅድ፤ ካልተቻለም ዐሊሞችን እንጠይቅ። ኡድሒያም ላይ እንዲሁ ነው። የአራጁ ክፍያ ከሥጋው ወይም ከቆዳው እንዳይሰጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊን (ረ.ዐ) አዝዘውታል። እንግዲያው የአራጅ ደመወዝ ከመነሻው በበጀት ተይዞ እንደነበርና እንዳልነበር በማጠቃለያው መታየት አለበት።

ሒሳብ መጠየቅ የሚከብደው ሰው ቢኖር የኢብኑ ሉትቢያን ታሪክ ያስታውስ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ነበር። ሲመለስ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው አለ። እርሳቸውም በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም ሚንበር ላይ ወጥተው ሰውየውን በስሙ ሳይጠሩ ለሹመት የሚላክ ሰው ሁሉ ሊጠነቀቅ የሚገባውን አስተማሩ። ነቢያዊ ሒሳብ መጠየቅ ይህን ይመስላል። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ትምህርቱ ለሁሉም ነው፤ የሰው ስም ግን በአደባባይ አልተጎተተም።

የሳምንቱ ስብሰባ

በሳምንቱ ውስጥ የሠሩት ሁሉ ይሰብሰቡ። ከሳምንት ካለፈ ሰው ይረሳል፤ በማግስቱ ከሆነ ደግሞ ድካሙ ስላልወጣ ነገር ይከርራል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት እንናገር። ግምገማ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራል። በየመሥሪያ ቤቱ ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ሲወቀስና ሲዋረድ ያየ ሰው፣ ቃሉን ሲሰማ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በነጻ፣ ለአላህ ብሎ የሠራን ወጣት እንደዚያ አድርገን ከጠራነው ዳግመኛ አይመጣም። እኛ የምንፈልገው ሙሓሰባን ነው። ሙሓሰባ እያንዳንዱ ከራሱ ሲጀምር ነው። ሰብሳቢው በቅድሚያ በራሱ ኃላፊነት ሥር የጎደለውን ይናገር፤ ያን ጊዜ ሌላው አፉ ይፈታል።

ስብሰባው በምስጋና ይከፈት። ሰውን የማያመሰግን አላህንም እንደማያመሰግን በሐዲስ ተነግሯል። ምስጋናውም በጅምላ ባይሆን መልካም ነው። ሌሊት ሙሉ ምድጃ ላይ የቆሙትን፣ ውሃ ያመላለሱትን፣ ጫማ የጠበቁትን፣ ለአረጋውያን ቦታ የለቀቁትን ለይቶ ማመስገን ያስፈልጋል።

ቀጥሎ እነማን ይናገሩ? በብዙ ቦታ የሚናገሩት መድረክ ላይ የነበሩት ናቸው። ስለ ዝግጅቱ ብዙውን የሚያውቁት ግን ከመድረክ ጀርባ የነበሩት ናቸው። ሾርባው ለምን እንዳነሰ የምታውቀው ወጥ ቤት የነበረችው እህት ናት። በሑደይቢያ ስምምነት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርድ አርዳችሁ ጸጉራችሁን ተላጩ ብለው ሲያዙ ሰሓባዎች ከሐዘናቸው ብዛት ሳይነሱ ቀሩ። ነገሩን ለባለቤታቸው ለኡሙ ሰለማህ (ረ.ዐ) ነገሯት። እርሷም ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው የራሳቸውን እንዲያርዱና እንዲላጩ መከረች፤ እንዳለችው አደረጉ፤ ሰዎቹም ተከተሏቸው። ከነቢይ ቤት የሴት ምክር እንዲህ ከተሰማ፣ የእኛ ኮሚቴ ሌሊቱን ያደሩትን እናቶች ሳይጠይቅ እንዴት ያጠቃልላል?

ጥያቄዎቹም ቀላልና ግልጽ ይሁኑ። ያሰብናቸው ሰዎች መጡ ወይ? አምስት መቶ ሰው ጠብቀን ሦስት መቶ ከመጣ ጥሪው የት ተሰናከለ? ሦስት መቶ ጠብቀን አምስት መቶ ከመጣስ ያልደረሰው ማን ነው? በኢፍጣሩ ግርግር የመግሪብ ሰላት ያመለጠው ሰው ነበር? ሴቶች የሚገቡበትና የሚወጡበት መንገድ የተመቸ ነበር? አካል ጉዳተኛው እንዴት ገባ? ሞንታርቦው የታመመ ጎረቤት ረበሸ? የተራበ ሰው ፎቶ ተነስቶ ክብሩ ተነካ? ዘካተል ፊጥሩ ከዒድ ሰላት በፊት ለሚገባው ሰው ደረሰ ወይስ ከሰላት በኋላ በመጋዘን ተገኘ? ለእያንዳንዱ መልስ «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ምን ቢደረግ ይስተካከላል?» የሚለው ይከተለው። የግል ነውር ካለ ባለቤቱ ለብቻው ይመከር።

እንዲህ ካልተደረገ ግን ወሬው አይቀርም፤ ቦታውን ብቻ ይቀይራል። በስብሰባ ያልተነሳው ቡና ላይ ይነሳል፤ እዚያ ደግሞ የሚታማው ሰው የለም፣ የሚመልስም የለም፣ የሚስተካከል ነገርም የለም። ያው ቃል ለባለቤቱ በሥነ ሥርዓት ቢነገር ምክር ይሆን ነበር፤ ከጀርባው ሲነገር ሐሜት ሆነ። ብዙ ጀመዓ የፈረሰው ገንዘብ ስለ ጎደለ አይደለም፤ ገንዘቡ ሳይጎድል፣ ሒሳቡ ስላልተነገረ ብቻ የፈረሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ሒሳብ ለሕዝቡ ይነገር። ከጁሙዓ በኋላ በሁለት ደቂቃ ሊነገር ይችላል፤ በመስጂዱ ሰሌዳ ላይም ይለጠፍ። ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ፣ የቀረውም እዚህ ተቀምጧል። አሥር ብር የሰጠች እናትም መቶ ሺህ የሰጠ ነጋዴም እኩል የማወቅ መብት አላቸው።

ለቀጣዩ ዓመት የሚቀመጥ ደብተር

ሦስተኛው ሥራ መጻፍ ነው። ውድ ወጣቶች፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ስንት ሰው መጣ፣ ስንት ኪሎ ተበሰለ፣ ስንት ተረፈ፣ ዕቃ ከየት ተዋስን፣ ፈቃድ ከየትኛው ቢሮ በስንት ቀን ተገኘ፣ የተሳካው ምንድን ነው፣ የሚቀየረውስ? ከአራት ገጽ አይበልጥም። ደብተሩ በሰው ቤት ሳይሆን በመስጂዱ ወይም በመድረሳው ቢሮ ይቀመጥ፤ ሰው ይሄዳል፣ ይታመማል፣ ወደ ሌላ ሀገር ይወጣል። በዓመቱ ኮሚቴው ሲቀመጥ ከማንኛውም አጀንዳ በፊት ያ ደብተር ይነበብ። የማይነበብ ደብተር ካልተጻፈ አይሻልም።

ራስን መመርመር

ወንድሞችና እህቶች! ይህ ሁሉ በኮሚቴ የሚሠራ ነው። በኮሚቴ የማይሠራ አንድ ምርመራ ደግሞ አለ። እርሱም ሰው ከራሱ ጋር ብቻውን የሚያደርገው ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሰው ከመጠየቁ በፊት ራሱን እንዲጠይቅ ይመክሩ እንደነበር ተዘግቧል። እኔ ይህን ሥራ የሠራሁት ለማን ነው? ስሜ ከመድረክ ሳይጠራ ሲቀር ለምን ከፋኝ? ሌላው ሲመሰገን ደስ አለኝ ወይ? ያዘዝኳቸውን ልጆች በቁጣ አስቀይሜ ከሆነ ይቅርታ ጠይቄያለሁ? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ማንም ቃለ ጉባኤ አይመዘግበውም፤ መዝጋቢዎቹ መላእክት ግን መዝግበውታል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አሽ-ሸርሕ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከአንዱ ሥራ በጨረሱ ጊዜ ለሌላው እንዲተጉ፣ ወደ ጌታቸውም እንዲያዘነብሉ አዟቸዋል። የሙእሚን ሥራ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ የአንዱ መጨረሻ በደንብ ከተዘጋ የሌላው መጀመሪያ ይቃናል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ዝግጅት ያላችሁ ሁሉ አደራ የምንላችሁ ይህን ነው። የመክፈቻውን ቀን ስትወስኑ የማጠቃለያውንም ቀን እዚያው ላይ ወስኑ። ሸራ የሚወጥሩትን ስትመድቡ ሸራውን የሚያወርዱትን፣ ዕቃ የሚመልሱትንና ሒሳብ የሚዘጉትንም መድቡ።

አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ የተጠራ ያድርግልን። ያጎደልነውን ይሙላልን፤ የተሳሳትነውን ይማረን። የደከሙትን ሁሉ ምንዳቸውን ያብዛላቸው። አማናን ከሚጠብቁት፣ ሲሳሳቱ ከሚመለሱትና ሲመከሩ ከሚሰሙት ያድርገን። ኣሚን።

ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።